የአባ ዕንባቆም መጻሕፍት፦ ስለ «አንቀጸ አሚን» እና ስለ «በረላም ወይዋስፍ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ሊባኖስን የመሩት አባ ዕንባቆም ስማቸው ከሁለት በጣም የተለያዩ መጻሕፍት ጋር ተያይዞ ይነሣል። አንደኛው በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ ለዘመቱት የሙስሊም ጦር መሪ፣ ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የተጻፈ፣ ስለ ክርስትናና ስለ እስልምና የሚከራከር ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው አስማተኛ፣ አጋንንትና ራእይ የሞሉበት፣ ከህንድ ተነሥቶ ግማሽ ዓለምን ከዞረ በኋላ ወደ ግዕዝ የገባ ታሪክ ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ብዙ ስለማላገኝ፣ አንባብያን የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ የምችለውን ያህል መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ዕንባቆም ማን ናቸው?

የተወለዱት በየመን፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ነው። የቀድሞ ስማቸው አቡል ፈትህ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ለዓመታት ሲመረምሩና ሲጠይቁ ከቆዩ በኋላ በደብረ ሊባኖሱ አባ ጴጥሮስ ዘመን ተጠምቀው መነኮሱ። ኋላም የገዳሙ አበምኔት፣ ማለትም ዕጨጌ ሆኑ። ዕጨጌነት ከግብጽ ከሚላከው ጳጳስ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትልቁ ሹመት ነበር፤ በውጭ አገር ተወልዶ፣ በሌላ ሃይማኖት አድጎ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ያህል ያልተለመደ ነገር እንደነበር ልብ ይሏል።

ሕይወታቸው ግን የተደላደለ አልነበረም። በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን ታማኝነት ጎድሏቸዋል ተብለው ተከሰው ተግዘዋል። በ1529 ከሽንብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ የኢማሙ ሠራዊት ወደ ደጋው ሲዘልቅ አገሩ ታመሰ፤ ደብረ ሊባኖስም ከተቃጠሉት ገዳማት አንዱ ሆነ። አባ ዕንባቆም በስደት ላይ ሆነው ጻፉ፣ ከዚያም በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን አማካሪና ተርጓሚ ሆነው አገለገሉ። ገድላቸው ከዐረብኛና ከግዕዝ ሌላ ብዙ ቋንቋዎችን ያውቁ እንደነበር ይናገራል። ገድል ቅዱሱን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ እየታወሰም፣ የትርጉም ሥራዎቻቸው ብዛት በራሱ ምስክር ነው።

«አንቀጸ አሚን» ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?

የእምነት በር ማለት ነው። የተጻፈው በ1540 ሲሆን፣ መጀመሪያ በዐረብኛ ለኢማም አሕመድ የተላከ መልእክት ነበር፤ ዛሬ የምናነበው የግዕዙን ቅጂ ነው። ጸሐፊው ለምን ከእስልምና ወጥተው ክርስቲያን እንደሆኑ ይተርካሉ፣ ምክንያታቸውንም በአብዛኛው ከራሱ ከቁርኣን እየጠቀሱ ያስረዳሉ። ኢማሙ አብያተ ክርስቲያናትን ከማቃጠልና መነኮሳትን ከመግደል እንዲታቀቡም ይማጸናሉ።

ይህን መጽሐፍ ልዩ የሚያደርገው የመጨረሻው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አጼ ልብነ ድንግል በዚያው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ በስደት ሞቱ። የፖርቱጋል ወታደሮች ገና አልደረሱም፤ ምጽዋ የደረሱት በ1541 ነው። ከክርስቲያኑ መንግሥት ወገን የሚጠበቅ ድል በማይታይበት ሰዓት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ብዕር አንሥቶ ለአሸናፊው የጦር መሪ በዐረብኛ፣ ከራሱ ቅዱስ መጽሐፍ እየጠቀሰ ይጽፋል። ጽሑፉ ክርክር ነው፣ ግን የሚቃጠሉ ገዳማትን ለማዳን የተደረገ ሙከራም ነው። አንቀጹን ከዚያ ሰዓት ነጥሎ ያነበበ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የኢማሙን ዘመቻ ከሙስሊሙ ወገን የጻፈልን ዐረብ ፈቂህም ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከየመን ጋር የተሳሰረ ሰው ነው። የዚያን ጦርነት ሁለት ወገኖች ለማወቅ የምንሄድባቸው ሁለት ጸሐፊዎች ከአንድ የባሕር ዳርቻ አካባቢ መገኘታቸው፣ ቀይ ባሕር በዚያ ዘመን ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ያሳያል።

ቁርኣንን የሚጠቅሱት እንዴት ነው? ሙስሊም አንባቢስ ምን ይላል?

ብዙ ጥያቄ የሚነሣበት ቦታ ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከቁርኣን ተነሥተው ለክርስትና የሚከራከሩ የምሥራቅ ክርስቲያኖች ከአባ ዕንባቆም በፊትም ነበሩ፤ በዐረብኛ የሚጽፉ የሶርያና የግብጽ ክርስቲያኖች ለብዙ መቶ ዓመታት የተለማመዱት መንገድ ነው። የመንገዱ ምሰሶ ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) የሚናገሩት አንቀጾች ናቸው። በሱረቱ አል ዒምራን ቁጥር 45 መላእክት ለመርየም ከአላህ በሆነ ቃል ሲያበስሯት፣ በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 171 ደግሞ ዒሳ «ቃሉ» እና «ከእርሱ የሆነ መንፈስ» ተብሎ ተጠርቷል። በዮሐንስ ወንጌል «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» እያለ ላደገ ክርስቲያን፣ እነዚህ አንቀጾች ቤቱን ያስታውሱታል።

ሙስሊሙ አንባቢ ግን አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያነባል። ያው ቁጥር 171 ወዲያው «ሦስት አትበሉ» ይላል፣ አላህ ልጅ ያለው ከመሆን የጠራ እንደሆነም ይናገራል። በእስልምና ትርጓሜ «ቃል» የሚያመለክተው ዒሳ «ኹን» በሚለው የአላህ ትእዛዝ ያለ አባት መፈጠሩን ነው። ስለዚህ የአባ ዕንባቆም ንባብ አንድ ክርስቲያን ሊቅ ቁርኣንን የተረዳበት መንገድ ነው እንጂ፣ ሙስሊሞች ሳያስተውሉት የቀሩት የተሰወረ ትርጉም አይደለም። ይህን ለመናገር ማንም መቀየም የለበትም። ክርስቲያኖችም ትንቢተ ኢሳይያስን አይሁድ ከሚያነቡት በተለየ መንገድ እናነባለን፤ ሙስሊሞችም ወንጌል ስለ ጰራቅሊጦስ የሚናገረውን ቃል ስለ ነቢዩ ሙሐመድ የተነገረ አድርገው የሚተረጉሙበት የቆየ ልማድ አለ። ሁላችንም የጎረቤታችንን መጽሐፍ ከራሳችን ቤት መስኮት እናየዋለን።

ሁለተኛው ትልቅ ክርክራቸው ስለ ቋንቋ ነው። ወንጌል ለሕዝብ ሁሉ በየቋንቋው ተሰብኳል፣ ቁርኣን ግን በዐረብኛ ብቻ ነው ይላሉ። ከሁሉ ደካማው ክርክራቸው ይህ ይመስለኛል። ቁርኣን በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋርስኛ፣ በ1143 በላቲን ተተርጉሞ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ሙስሊሞች ዐረብኛውን አጥብቀው የሚይዙት ቃሉ ራሱ የወረደው በዚያ ቋንቋ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው፤ ለሌላው ሕዝብ ስለማይገዳቸው አይደለም። ያም ሆኖ ክርክሩ ስለ ጸሐፊው ብዙ ይነግረናል። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲያሻግሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ተርጓሚ፣ የእምነት እውነት በትርጉም አይጠፋም ብለው ማመናቸው ከሥራቸው የመነጨ ነው።

ሦስተኛው ስለ ሰይፍና ስለ ሰላም ነው። ወንጌል የዋህነትን ያስተምራል እያሉ ከዘመቻው ጋር ያነጻጽሩታል። ክርስቲያን ነገሥታትም ከአጼ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ በሙስሊም ሱልጣኔቶች ላይ ብዙ መዝመታቸውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ማንበብ አለበት።

የማይደክመው ልመናቸው ነው። ቁርኣን በሱረቱ አል-ማኢዳህ ቁጥር 82 ለአማኞች በወዳጅነት ቅርብ የሆኑት «እኛ ክርስቲያኖች ነን» የሚሉት እንደሆኑ ይናገራል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ በመካከላቸው ቀሳውስትና መነኮሳት በመኖራቸውና የማይኮሩ በመሆናቸው ነው ይላል። በሱረቱ አል-ሐጅ ቁጥር 40 ደግሞ ገዳማትን፣ ቤተ ክርስቲያናትን፣ ምኩራቦችንና መስጊዶችን የአላህ ስም በብዛት የሚወሳባቸው ቦታዎች አድርጎ በአንድ ላይ ያነሣቸዋል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች ከደብዳቤው አጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡ። መነኮሳትን አትግደሉ የሚለው ልመና በሙስሊም ጆሮም መሠረት ያለው እንደነበር ግልጽ ይሆናል።

ዛሬ ለሃይማኖት ክርክር ልጠቀምበት እችላለሁ?

ባትጠቀሙበት እመክራለሁ። ጸሐፊው የሚጽፉት ለአንድ ለሚታወቅ ሰው፣ ለአንድ ለሚታወቅ አደጋ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሦስት አረፍተ ነገር ቆርጦ በጎረቤት ላይ መወርወር ለመጽሐፉም ለጎረቤትም በደል ነው። በአንጻሩ፣ የሁለቱን ሃይማኖቶች ታሪክ በአገራችን ማጥናት ለሚፈልግ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊታለፍ የማይገባ ምንጭ ነው። ከቁርኣን ወደ ግዕዝ የተመለሱ አንቀጾች የሚገኙበት መሆኑ ብቻውን ለቋንቋ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

«በረላም ወይዋስፍ» ታሪኩ ምንድን ነው?

በህንድ አገር ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ ንጉሥ አለ። ልጅ ሲወለድለት ኮከብ ቆጣሪዎች ይሰበሰባሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ልጁ የሚነግሠው በአባቱ መንግሥት እንዳልሆነና የሚሳደደውን ሃይማኖት እንደሚቀበል ይናገራል። ንጉሡ ደንግጦ ያማረ ቤተ መንግሥት ያሠራና ልጁን እዚያ ይዘጋበታል። አገልጋዮቹ ወጣቶችና መልከ መልካሞች ብቻ ናቸው፤ ከመካከላቸው የታመመ ካለ ወዲያው ይወጣል። በሽታ፣ እርጅና፣ ሞት የሚባሉ ቃላት በልጁ ፊት አይነሡም።

ልጁ ይዋስፍ አድጎ ለመውጣት ይለምናል። በመንገድ ላይ አካለ ጎደሎና ዓይነ ስውር ያያል፤ በሌላ ቀን ጎብጦ፣ ጥርሱ ረግፎ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ያያል። ሰው ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደስታ ይርቀዋል። በዚህ ጊዜ በረሃ የሚኖረው መነኩሴ በረላም የነጋዴ ልብስ ለብሶ ይመጣና ዕውር የሚያበራ ዕንቁ አለኝ፣ ግን ዓይኑ ጤነኛ ሕይወቱም ንጹሕ ካልሆነ ሰው ሊያየው አይችልም ብሎ ወደ ልዑሉ ይገባል። ዕንቁው ትምህርቱ ነው።

በረላም የሚያስተምረው በምሳሌ ነው፤ መጽሐፉም የሚወደደው በእነዚህ ምሳሌዎች ነው። ከሁሉ የታወቀው ይህ ነው፦ አንድ ሰው ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ሲያሳድደው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል። ቁልቁል ሲያይ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ የዛፉን ሥር ይከረክማሉ። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ እግሩን ባሳረፈበት ቦታ አራት እባቦች አንገታቸውን አውጥተዋል። ሰውዬው ቀና ሲል ከቅርንጫፉ ትንሽ ማር ሲንጠባጠብ ያያል፤ ያን ጊዜ አውሬውንም ዘንዶውንም ረስቶ ማሩን ይልሳል። አውሬው ሞት፣ አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ እባቦቹ ሰውነታችን የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ማሩ የዚህ ዓለም ጣዕም ነው። ስለ ሞት ከተነገሩ ምሳሌዎች ሁሉ እንዲህ ልብ ላይ የሚቀር ሌላ አላውቅም።

የአጋንንቱና የአስማቱ ክፍልስ?

ንጉሡ ልጁን በቁጣም በእንባም መመለስ ሲያቅተው ወደ አንድ ታላቅ አስማተኛ ይልካል። አስማተኛው በልዑሉ ዙሪያ የነበሩ አገልጋዮች ወጥተው ቆነጃጅት እንዲገቡ ይመክራል፤ ከዚያም ልቡን በምኞት የሚያቃጥሉ ክፉ መናፍስትን ይልክበታል። ይዋስፍ ሌሊቱን በጸሎትና በእንባ ይታገላል። ደክሞት ሲተኛ በራእይ ወደ ገነት ይወሰዳል፣ የኃጥኣንንም ስቃይ ያያል፤ ሲነቃ የቆነጃጅቱ ውበት በዓይኑ ከንቱ ይሆንበታል። መናፍስቱ አፍረው ወደ ጌታቸው ይመለሱና የመስቀሉን ምልክት መቋቋም እንዳልቻሉ ይናገራሉ። አስማተኛው በመጨረሻ ራሱ ከልዑሉ ጋር ተከራክሮ ይሸነፋል፣ የአስማት መጻሕፍቱን በእሳት ያቃጥላል፣ ይጠመቃል።

ስንክሳር ሲነበብ ያደገ ሰው የመስከረም 21ዱን የቆጵርያኖስንና የዮስቴናን ታሪክ ወዲያው ያስታውሳል። እዚያም አስማተኛ አጋንንት ይልካል፣ አጋንንቱ ይሸነፋሉ፣ መጻሕፍቱ ይቃጠላሉ። ኢትዮጵያዊው አድማጭ ለህንዱ ልዑል ታሪክ እንግዳ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታሪኩ በእውነት የተፈጸመ ነው ወይስ ልብ ወለድ?

ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። በቤተ መንግሥት የተዘጋው ልዑል፣ በሽተኛውና ሽማግሌው፣ ዘውድ ጥሎ መመነን ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ስሙ ሳይቀር ተከትሎ መጥቷል፤ ቦዲሳትቫ የሚለው የቡድሃ መጠሪያ በዐረብኛ ቡዳስፍ፣ ከዚያ በፊደል ነጥብ መለዋወጥ ዩዳስፍ፣ እየዋለ እያደረም ይዋስፍ ሆነ። በጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው ምሳሌም ማሃባራታ በተባለው የህንድ ጥንታዊ የግጥም ታሪክ ይገኛል።

ጉዞው ራሱ አስደናቂ ነው። ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብኛ ገባ፤ በዐረብኛው ሙስሊሞች አነበቡት። በ991 ያረፉት የሺዓው ሊቅ ኢብን ባባወይህ በአንድ የሃይማኖት መጽሐፋቸው ውስጥ አስገብተውታል። ከዐረብኛ ወደ ጆርጅያ ቋንቋ ተተርጉሞ ክርስቲያናዊ መልክ ያዘ፤ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በአቶስ ተራራ የነበረ የጆርጅያ መነኩሴ፣ ኤውቲምዮስ፣ ወደ ግሪክ አሻገረው። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ ተዳረሰ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔን አንድ አይሁዳዊ ሊቅ በዕብራይስጥ ጻፈው። ከግሪኩ ደግሞ ክርስቲያኖች እንደገና ወደ ዐረብኛ መለሱት፤ አባ ዕንባቆም በ1553 ወደ ግዕዝ የተረጎሙት ከዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በረላምና ይዋስፍ በምሥራቅም በምዕራብም አብያተ ክርስቲያናት በቅዱሳን ተራ ገብተው በዓል ተቆርጦላቸዋል። አንዳንድ ምእመናን ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ የተሰረቀ ወይም የተበረዘ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቡድሂስቱ፣ ሙስሊሙ፣ አይሁዳዊውና ክርስቲያኑ በየተራቸው ያንን ልዑል እንደ ራሳቸው ልጅ አሳድገውታል፣ እያንዳንዳቸውም የሚያምኑትን በአፉ አኑረዋል። የግሪኩ ቅጂ ውስጥ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሪስቲዲስ የተባለ የአቴና ፈላስፋ ለክርስትና የጻፈው መከላከያ ተሰውሮ ተገኝቷል፤ ይህም የታወቀው በ1889 የሶርያው ቅጂ በሲና ገዳም ከተገኘ በኋላ ነው። ጠፍቷል የተባለ የጥንት መጽሐፍ በተረት ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ሲነበብ ኖረ።

አባ ዕንባቆም ይህን ታሪክ ለምን መረጡ?

የተረጎሙት ለአጼ ገላውዴዎስ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የራሴ ግምት ነው፤ ግን ታሪኩን ያነበበ ሁሉ የሚፈርደው ይመስለኛል። ኢማሙ በ1543 በወይና ደጋ ከሞቱ አሥር ዓመት ሆኗል። በጦርነቱ ጊዜ ሃይማኖታቸውን የለወጡ ብዙዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው፤ መጽሐፈ ቄደር የሚባለው የመመለሻ ሥርዓትም ከዚህ ዘመን ጋር ይያያዛል። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ በአባቱ ሰይፍ ሥር ሆኖ እምነቱን ስለ መረጠ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ለሚሰማው ሁሉ ሩቅ አይደለም።

ለተርጓሚው ደግሞ ከዚያ የቀረበ ነው። የአባቱን ቤትና ሃይማኖት ትቶ በመነኩሴ እጅ የተጠመቀ ልዑል ታሪክ ሲተረጉሙ፣ ከየመን የወጣውን አቡል ፈትህን አላሰቡም ብዬ ማመን አልችልም። ደግሞም በታሪኩ መጨረሻ ልጁ አባቱን ይማርካል፤ አሳዳጁ ንጉሥ ንስሐ ገብቶ ያርፋል። በ1540 በደብዳቤ የተለመነውና ያልሆነው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ይሆናል።

ሌላስ ምን ተርጉመዋል?

በ1523 ከአንድ ግብጻዊ ጋር ሆነው የዮሐንስ አፈወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ወደ ግዕዝ መልሰዋል። ባሕረ ሐሳብ (የዘመን አቆጣጠር) የሚማሩ ሁሉ የሚያውቁት አቡሻኽር የተባለው መጽሐፍም በእሳቸው እንደተተረጎመ ይነገራል።

መጻሕፍቱን የት አገኛለሁ?

«አንቀጸ አሚን» በ1969 በላይደን ከተማ ኤመሪ ቫን ዶንዘል በተባሉ ሆላንዳዊ ሊቅ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ታትሟል። «በረላም ወይዋስፍ» በ1923 በዋሊስ በጅ አዘጋጅነት ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ወጥቷል፤ የቅጂ መብት ዘመኑ የቆየ ስለሆነ በኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ማግኘት አይከብድም። ገድላቸውን ጣሊያናዊው ላንፍራንኮ ሪቺ አሳትመውታል። ሦስቱም ግዕዝን ያሳተሙ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፣ ትርጉሞቹም በፈረንጅ ቋንቋ ናቸው። ግዕዝ የሚያውቁ ወጣቶቻችን ለአማርኛ አንባቢ የተሟላ፣ ማብራሪያ ያለው ትርጉም ቢያዘጋጁ ምን ያህል ደስ ባለኝ!

በየትኛው ልጀምር?

በ«በረላም ወይዋስፍ»። ረጅም ስለሆነ መጀመሪያ ምሳሌዎቹን ብቻ እየመረጡ ማንበብ ይቻላል፤ ለልጆች ጮክ ብሎ ለማንበብም ይመቻሉ። ወደ «አንቀጸ አሚን» ስትሻገሩ ሙሉው ቁርኣን በአማርኛ ስለሚገኝ (መጀመሪያ የታተመው በ1969 ነው) የሚጠቀሱትን አንቀጾች ከፊትና ከኋላ ካሉት ጋር አብራችሁ ተመልከቱ። የምታውቁት ሙስሊም መምህር ወይም ቃሪእ (ቁርኣን አንባቢ) ካለ፣ በሱራዎቹ ላይ እሱን ጠይቁ፤ ክርስቲያን ከሆናችሁ ሙስሊም፣ ሙስሊም ከሆናችሁ ክርስቲያን ጓደኛ ይዛችሁ ብታነቡት ደግሞ ይበልጥ ትጠቀማላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን የ1529 እስከ 1543ን ጦርነት የሚተርክ አንድ የታሪክ ምዕራፍ አንብቡ፤ ያለዚያ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ አይታወቃችሁም።